የነፋሱ ምስክር

የግንቦት ልደታ ዕለት የዝግባ አፋፍ ሰው ንፍሮውንና ጠላውን ይዞ ከጋራው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ወጣ። የቀረችው የሻሽወርቅ ብቻ ነበረች። ላሟን ከማለዳ ጀምሮ ምጥ ይዟት ስለ ነበር ጥላት መሄድ አልሆነላትም።

«የሻሽ፣ ልደታን ማን ቤት ውስጥ ያከብራታል?» አለቻት ጎረቤቷ ማሚቱ በደጇ ስታልፍ።

«ትገላገልልኝና እደርሳለሁ። እስከዚያ ንፍሮዬን አንቺ ያዥልኝ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ላሟ ወለደች ይላላ!»

ማሚቱ ስቃ ሄደች። የሻሽወርቅ የሰቀላ ሰው ናት። ከግሽ ዓባይ አጠገብ ተወልዳ፣ ገብረሰንበት የሚባል የዝግባ አፋፍ ገበሬ አግብቶ አመጣት። ገብረሰንበት በንዳድ ትኩሳት ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። አንዲት ልጃቸው ዓለምብርሃን ዱርቤቴ ተድራ የራሷን ጎጆ ይዛለች። ከዚያ ወዲህ የሻሽወርቅ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው በዚያች መንደር ብቻዋን ትኖራለች። የሚጠላት ሰው አልነበረም። በመንደሩ የሥጋ ዘመድ ግን አልነበራትም።

ላሟ እኩለ ቀን ላይ ግንባረ ነጭ ቀይ ጥጃ ወለደች። የሻሽወርቅ ጥጃዋን ጠራርጋ፣ ጡት አስይዛ፣ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች። ምንጩ ከቤቷ ታች ባለ ጎድጓዳ ቦታ፣ ከአንድ ሾላ ሥር ነው። ቅሉን ውኃ ውስጥ ስትነክር አገሩ ሁሉ ጸጥ ማለቱን ልብ አለች። ወፍ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም። ቀና ብትል ከምሥራቅ የመጣው ደመና እንደ ቆየ ቁስል አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ፣ ሆዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ከደመናው ሆድ አንድ ጥቁር ነገር እንደ ገመድ ወረደ። መሬት ሲነካ ወፈረ። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ፈትላለችና እንዝርት እንዴት እንደሚሾር ታውቃለች። ያም ነገር እንደ እንዝርት እየሾረ አፈሩን፣ ቅጠሉን፣ አጥሩን ይጠመጥማል። በበጋ ሜዳ ላይ የምትነሣውን ትንሽ የአቧራ አውሎ ማንም ያውቃታል፤ ልጆች ሲያዩዋት «ቱ! ቱ!» ብለው ያማትባሉ። ይህ ግን ከመሬት ተነሥቶ ሰማይ የሚነካ ነበር። ድምፁ በቅርቡ ቡሬ የገባውን የሞተር ወፍጮ ይመስላል፤ ያ ወፍጮ ግን ሰው ላይ እየሄደ ቢመጣ።

እንስራዋን ጥላ ከሾላው ሥር ተደፋች፤ ሥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ጆሮዋ ሊፈነዳ ደረሰ። አንዴ ቀና ስትል የቤቷ ክዳን እንደ ሞሰብ ክዳን ከነጉልላቱ ብድግ ሲል አየች። ግድግዳው ተከተለው። ከዚያ አሸዋ ፊቷን ገረፋትና ዓይኗን ጨፈነች።

ሲያልፍ በረዶ ጣለ። በረዶው ሲያባራ ወደ ላይ ወጣች። ቤት የለም። የቀረው የጓዳው ግድግዳ ቁራጭ፣ ሦስት ጉልቻና ክብ የሆነ ባዶ መሬት ነው። ጎተራው የለም። ላሟ ጎኗ ተልጦ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ጥጃዋ የለችም። ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርሰው የማሚቱ ቤት ግን ከክዳኑ አንዲት ሣር አልጎደለበትም።

ሰዎቹ ከዋርካው ሲመለሱ በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። ጋራው ስለ ጋረዳቸው ያዩት ጥቁር ደመናና ዝናብ ብቻ ነው። ባዶውን መሬት ከበው ቆሙ። ወደ ውስጥ የገባ አንድም ሰው አልነበረም።

«ምን መጣ?» አለ የማሚቱ ባል አብተው።

«ነፋስ።»

«ነፋስማ እኛም ዘንድ ነፈሰ። ነፋስ ቤት ነቅሎ ይሄዳል?»

«እንደ እንዝርት የሚሾር ነው። ከደመናው ወርዶ…» ብላ እጇን አዙራ ልታሳያቸው ጀመረች። ፊታቸውን አየችና እጇን መለሰች።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ጠበል ረጩ፤ በመስቀላቸው አሳለሟት። «የእግዚአብሔር ሥራ አይመረመርም፣ ልጄ» አሉና፣ ነገሩ እስኪታይ ድረስ ቦታው እንዳይነካ ተናገሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲህ ያለ ነገር አይተውም ሰምተውም ስለማያውቁ፣ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው።

በዚያ አገር ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ደቦ ይወጣል። ጎርፍ ለወሰደበትም ይወጣል። አንዱ እንጨት፣ አንዱ ሣር፣ የሌለው ጉልበቱን ያመጣል። ለዚህ ግን ልማድ አልነበረም። ስሙን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ ሰውን ያርቃል። «ከስንቱ ቤት መርጦ የእሷን ብቻ?» ተባለ። «በልደታ ቀን ብቻዋን ቀርታ ምን ታደርግ ነበር?» ተባለ። ፊት ለፊቷ የተናገራት የለም። ወሬ ግን እግር አለውና ደረሳት።

መጀመሪያ ማሚቱ አስጠጋቻት። ሳምንት ሳይሞላ የማሚቱ ልጅ አተኮሰው። ጠዋት ላይ አብተው ከደጁ ተቀምጦ አዲስ እርፍ እየጠረበ ተናገራት፤ ዓይኑን ከእንጨቱ አላነሣም።

«የሻሽ እህቴ፣ እኔ የሚባለውን የማምን ሰው አይደለሁም። ልጁ ግን ልጅ ነው። እናቱም ሌሊቱን ሙሉ…»

«ገባኝ አያ አብተው» አለች። ሊጨርስ ሳይገደድ ተነሣች።

ከጓዳው የግድግዳ ቁራጭ ላይ እንጨት አስደግፋ፣ የኮባ ቅጠል አልብሳ ከሥሩ ገባች። ክረምቱ እየመጣ ነው። የክዳን ሣር የሚታጨደው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሆነ፣ በግንቦት ከሰው ካልለመኑት አይገኝም። መለመን አልቻለችም፤ ደጅ ስትደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ። ላሟ ጥጃዋን እየጠራች ቀኑን ሙሉ ትጮሃለች። የጥጃዋ ቆዳ ቢገኝ እንኳ ገለባ ሞልተው ከፊቷ አቁመው ያልቧት ነበር። እሱም ስለሌለ ወተቷ ደረቀ።

ከሁሉ የከበዳት ግን ቤት ማጣቱ አልነበረም። ያየችውን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነበር። ባሏ ሲሞት አገር አልቅሶላታል፤ ሞትን ሁሉም ያውቀዋል። ያን የሚሾር ጥቁር ነገር ግን ከእሷ በቀር ያየው የለም። አንዳንድ ቀን ምንጩ ዳር ቁጭ ብላ ደመናው የወረደበትን ቦታ ትመለከታለች። «እውነት አይቼው ነው?» ትላለች። ቀኑ በገፋ ቁጥር ማመን እያቃታት ሄደ።

በገበያ ቀን ቡሬ ወጣች። ጨውና አቡጀዲ የምትሸጠው ፋጢማ ከድሮ ጀምሮ የምታውቃት ነጋዴ ናት። የሻሽወርቅ የደረሰባትን ስትነግራት ፋጢማ ጨው የያዘ እጇን አየር ላይ አቆመች።

«እንዴት ነው ያልሽው? የሚሽከረከር?»

«አዎ።»

«ላ ኢላሀ! ባለፈው ገበያ የወምበርማ ሰዎች እንዲህ ያለ ወሬ ሲያወሩ ሰማሁ። ሽንዲ ሳይደረስ፣ ነፋስ ሚስቴን ነጥቆ ወሰደብኝ የሚል ሰው አለ አሉ። ቢያዝን ይሉታል።»

«መቼ?»

«በዚያው በልደታችሁ ቀን። ግን ማን ያምነዋል? ገድሏት ነው ብለው ወንድሞቿ ይዝቱበታል። ደም ሳይፈስ ነገሩ አይበርድም ይላሉ።»

የሻሽወርቅ የገዛችውን ጨው ሳትይዝ ተነሣች። ፋጢማ ከኋላዋ ጠርታ አስያዘቻት።

በማግስቱ ላሟን ማሚቱ ደጅ አሰረች። ማሚቱ ወዴት እንደምትሄድ ስትሰማ የላሟን ገመድ አጠበቀች። «ለላሟ እኔ አለሁ» አለች። ወደ ቤት ገብታም ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት።

የነፋሱ መንገድ በምድሩ ላይ ተጽፎ ነበር። ከዝግባ አፋፍ ቁልቁል ዛፎች ከወገባቸው ተጠምዝዘው ተሰብረዋል። አጠገባቸው ያሉት ደግሞ አበባቸው እንኳ አልረገፈም። የሻሽወርቅ ያን ፈለግ ይዛ ወረደች። ሰው ያልተከተላት ሴት ነፋስ ተከትላ ስትሄድ ልቧ ትንሽ ቀለላት፤ ዛፎቹ ቢያንስ አላበድሽም አሏት። የፈጠም ወንዝ ገና አልሞላም ነበር፤ ድንጋይ ድንጋይ እየረገጠች ተሻገረች። ከወንዙ ማዶ ፈለጉ ጠፋ። ነፋሱ እዚያ ወደ ሰማይ ተመልሶ፣ ርቆ ሄዶ ዳግም የወረደ ይመስላል።

ሲመሽባት አንዲት ጎጆ አገኘችና የእግዜር እንግዳ ነኝ አለች። ባለቤቷ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ፣ አንድ እግራቸው የማይታዘዝ ባልቴት ነበሩ። እጇን አስታጥበው ያለውን አቀረቡላት። የሻሽወርቅ ስትጎርስ ዓይኗ ከምሰሶው ላይ አረፈ። በነጭ ክር የተንጠለጠለ ሰፌድ አለ። ቀይና ጥቁር አክርማ፤ ጠርዙ ላይ በፍየል ቆዳ የተጣፈ። ያ ጥፈት የእጇ ሥራ ነው።

«ሰፌድዎ ያምራል፣ እማሆይ።»

የባልቴቷ ፊት በራ። «ከሰማይ ወረደልኝ፣ ልጄ። አየሽ፣ ልደታ ዕለት ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ በዚህ እግሬ ምን ልሁን? ብቻዬን ከደጅ ተቀምጬ ሳለቅስ ሰማዩ ጠቆረ። ኋላ ይሄ ሰፌድ እየተንሳፈፈ መጥቶ ከግራሩ ላይ አረፈ። እመቤቴ ናት የላከችልኝ። ቀርተሽ አልቀረሽም ስትለኝ ነው።»

የሻሽወርቅ አፏን ከፍታ ዘጋችው። «እመቤቴ ታውቃለች» አለች፤ የራሷን ሰፌድ እያየች አደረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢያዝንን አገኘችው። ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ነው። ግማሹ በወደቀ ቤት ፊት፣ ከተሰባበሩ የንብ ቀፎዎች መካከል ተቀምጦ ነበር።

«ለቅሶ ከሆነ አልፏል» አለ ቀና ሳይል።

«ለቅሶ አይደለም። ከፈጠም ወዲያ፣ ከዝግባ አፋፍ ነው የመጣሁ። ልደታ ዕለት እኔንም አግኝቶኛል።»

«ምኑ?»

ስሙን አታውቀውም። ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ አዞረች።

ቢያዝን ያን ጣት ሲያይ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ድምፁ?» አላት።

«ወፍጮ።»

«ወፍጮ» አለ። «የሞተሩ።»

«ጆሮዬ ሊፈነዳ ነበር።»

«የእኔ ግራው አሁንም አይሰማ።» አጎዛ አመጣላትና እሱ ከመሬት ተቀመጠ። ከዚያ ያ ሁሉ ቀን አማኝ ያጣው ነገር ወጣ። «ቀፎ ልናወርድ ከደጅ ነበርን፣ እኔና ሚስቴ እህተ ማርያም። ዘንዶ ነው የመሰለን። እጇን ያዝሁ። እግሯ ከመሬት ተነሣ። እጇ ከእጄ አመለጠ፣ ነጠላዋን ያዝሁ። ነጠላው ቀረ፣ እሷ ሄደች። በማግስቱ ከዚያ ማዶ ካለው ገደል ውስጥ አገኘናት። ይህን ለወንድሞቿ እንዴት ብዬ ልንገር? ነገርሁ። ተስፋው የሚባለው ታላቅየው ‹ሰው ላባ ነው?› አለኝ።»

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል። ምስክር የለህም ይሉኛል፤ የለኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰንብቼ እኔም ተጠራጠርሁ። ለቅቄያት ይሆን እላለሁ። በዚያ ሰሞን በእርሻው ነገር ተጣልተን ነበርና፣ እጄ ሰንፎ ይሆን እላለሁ።»

«አልለቀቋትም» አለች የሻሽወርቅ። «እኔ የቤቴን ምሰሶ ሲነቅል አይቻለሁ። እጅ አይደለም፣ ምሰሶ!»

ቢያዝን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እሷም አላባበለችውም። የተሰባበሩትን ቀፎዎች አንድ በአንድ ትሰበስብለት ጀመር። ከልደታ ወዲህ የሻሽወርቅ ብቻዋን ያልነበረችበት ሰዓት ያ ነበር።

ያን ዕለት በሽማግሌዎቹ አለቃ በአያ ቢሆነኝ ቤት አስጠጓት። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለ ወይራ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ቢያዝን በአንድ በኩል ብቻውን ቆመ። በሌላው በኩል የሟች ወንድሞች ተቀመጡ። ተስፋው ረጅም፣ ፊቱ ከእንቅልፍ ማጣት የጠቆረ ሰው ነው። ጠመንጃውን ሽማግሌዎቹ ተቀብለውታል።

የሻሽወርቅ መስቀል ተሳልማ ያየችውን ተናገረች። ስትጨርስ ተስፋው ተነሣ።

«አባቶቼ፣ ይቺ ሴት ማናት? ማን ያውቃታል? ባል የሌላት ሴት ወንዝ ተሻግራ ለማታውቀው ወንድ ልትመሰክር ትመጣለች? ምኑ ናት?»

ጉርምርምታ ሆነ። የሻሽወርቅ ፊቷ ጋለ። እንዲህ እንደሚባል መንገድ ላይ አስባው ነበር። ሲባል ግን ካሰበችው በላይ አመማት።

«ምኑም አይደለሁ» አለች። «ትናንት ነው ያየሁት። አንተን ወንድሜ፣ እህትህን የቀማህ ነገር እኔንም ቤቴን ቀምቶኛል። መንደሬ ደግሞ እርኩስ ናት ብሎ ይሸሸኛል። ውሸት ብፈልግ ኖሮ ለራሴ የሚጠቅመኝን አላጣም ነበር።»

አያ ቢሆነኝ በትራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «እመት፣ ነፋሱ ከእናንተ ተነሥቶ ወደኛ መጣ ነው የምትይ። እንግዲህ ነፋስ የወሰደውን ሁሉ አይበላም። ከቤትሽ የሄደ ዕቃ በዚህ አገር ተገኝቷል?»

የሻሽወርቅ እማሆይ ወለተ ሐና ትዝ አሏት። አፏ ላይ ያለውን ነገር ልታወጣው አልፈለገችም። ቢያዝንን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ሰፌድ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ቀይና ጥቁር ነው። ጠርዙ በፍየል ቆዳ ተጥፏል፤ የተሰፋበት ጅማት አምስት ቦታ ይታያል። ከጀርባው በእሳት የተለበለበች ጠባሳ አለች፤ ልጄ ትንሽ ሳለች ከምድጃ ላይ ጥላው ነው። እማሆይ ወለተ ሐና ቤት ተሰቅሏል። ግን አደራችሁን፣ አትውሰዱባቸው።»

ሁለት ሰዎች በበቅሎ ተላኩ። ሲመለሱ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ሰፌዱን ይዘው መጡ፤ እማሆይ ወለተ ሐናም አምነው አልሰጡምና በአንደኛው በቅሎ ተጭነው አብረው መጡ። አያ ቢሆነኝ ሰፌዱን ገለበጡት። ጅማቱን ቆጠሩ። ጠባሳዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት።

«እማሆይ፣ ይህ ከየት መጣ?»

«ከሰማይ» አሉ ባልቴቷ። «በልደታ ዕለት። በዓይኔ አየሁት። ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ።»

ማንም አልሳቀም። አያ ቢሆነኝ ሰፌዱን ለሁሉም አሳዩና ለተስፋው ሰጡት። ተስፋው ለረጅም ጊዜ ያዘው። ከዚያ ከመሬት ተቀመጠ።

«እንግዲያ እህቴን ማንን ልጠይቅ?» አለ። «ነፋስ ደም የለው። ዘመድ የለው። ማንን ልክሰስ?»

ሽማግሌዎቹ ቢያዝን ንጹሕ ነው ብለው ፈረዱ፤ የሟች ወንድሞችም ደም እንዳይፈልጉ መስቀል መትተው ማሉ። ሰው ሲበተን የሻሽወርቅ ሰፌዱን አንሥታ ለእማሆይ ወለተ ሐና መለሰችላቸው።

«ያንቺ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ ባልቴቷ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ከእኔ ሄዶ ወደ እርስዎ የመጣ በከንቱ ነው? ማን ላከው፣ እኔስ አውቃለሁ?»

እማሆይ ሰፌዱን ደረታቸው ላይ አደረጉት። እንደ ቀድሞው ግን አልያዙትም። የሻሽወርቅ ያን አየችና አዘነች።

ቢያዝን እስከ መንደሩ ጫፍ ድረስ ሸኛት። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

«በእነሱ እጅ ብሞት ይሻለኝ ነበር መሰለኝ» አለ። «ብቻ ያን ቃል ሰጥተሽኛል። ‹አልለቀቋትም› አልሽኝ። እሱን ይዤ እኖራለሁ።» ሌላ ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር። እሷም ልትጠይቀው የምትፈልገው ብዙ ነበር፤ የደመናውን ቀለም፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ጸጥታ። ግን ከኋላቸው ተስፋው ሁለት አህዮች እየነዳ ደረሰ። አህዮቹ የክዳን ሣር ተጭነዋል።

«ለአዲስ ቤት ያጨድሁት ነው» አለ ተስፋው። «ቦታውን በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

እስከ ዝግባ አፋፍ ድረስ ከኋላዋ ሄደ። በመንገድ ሁሉ የተናገረው ለአህዮቹ ብቻ ነው። ሲደርሱ አህዮቹን አቁሞ፣ ከእሷ በቀር ማንም ያልረገጠው ባዶ መሬት ውስጥ ገባ። መካከሉ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ ከዚያም «እህተ ማርያም!» ብሎ ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ። መንደርተኛው ከየደጁ ወጥቶ አየው። ተስፋው ዓይኑን ጠርጎ መጥረቢያውን አነሣ፤ ከወደቁት ዛፎች ምሰሶ የሚሆን ይመርጥ ጀመር።

ያን ቀን የቀረበ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት አብተው የራሱን መጥረቢያ ይዞ መጣ፤ ደህና አደራችሁም ሳይል ሥራ ገባ። ማሚቱ ምሳ አመጣች፤ ልጇ ከዳነ ሰንብቶ ነበር። ሌሎችም አንድ ሁለት እያሉ መጡ። እስከ መጨረሻው ያልመጡም ነበሩ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ቤቱን ባረኩ፤ ሲወጡ «ዘገየን ልጄ» አሉና ሌላ አልጨመሩም። ሣሩ ስላልበቃ ቤቱ ከቀድሞው አነሰ።

ለእህተ ማርያም አርባ የሻሽወርቅ በሰኔ ዝናብ ወንዝ ተሻግራ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ለቢያዝን የምትነግረውን እያሰላሰለች ነበር። ስትደርስ ቢያዝን የለም። መሬቱን ለተስፋው ልጆች ሰጥቶ፣ በግሽ ዓባይ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል መሄዱን ነገሯት። «የአንቺ አገር አይደለም?» አላት ተስፋው። «አዎ» አለች። ግሽ ዓባይ ከሄደች ዘመን ቆጥራለች፤ የሚያውቃት ሰው እዚያም አልቀረም።

የተስፋው ቤተሰብ በክብር አስተናገዳት። ሴቶቹ ከመካከላቸው አስቀምጠው ስለ ልጇ፣ ስለ ላሟ ጠየቋት። ስለዚያ ቀን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም አላነሣችም። ፈጠም ሳይሞላ ለመድረስ ቀደም ብላ ተነሣች። ከወንዙ ዳር ስትደርስ እግሯን ልታጥብ ተቀመጠች። ከልደታ ወዲህ አላለቀሰችም ነበር፤ እዚያ አለቀሰች። ለገብረሰንበት ይሁን ለቤቷ፣ ወይስ አይታት ለማታውቃት ለእህተ ማርያም፣ ራሷም አለየችውም። ውኃው እየደፈረሰ ሲመጣ ተነሥታ ተሻገረች።

ወሬው ዱርቤቴ የደረሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ዓለምብርሃን በጥቅምት መጣች።

«እማ፣ ምነው ሳትልኪብኝ?»

«ምን ብዬ ልላክ?»

«ይህ ደረሰብኝ ብለሽ ነዋ! ምንድን ነበር ለመሆኑ?»

የሻሽወርቅ እጇን ልታነሣ አለች። ልጇ በጉጉት ታያታለች። ደግ ልጅ ናት፤ ብትነግራት ታምናት ይሆናል። ብታምናትም ግን ነገሩን አታውቀውም።

«ነፋስ ነበር» አለች። «አለፈ።»

ዓለምብርሃን ጥቂት ቀን ሰንብታ፣ ግድግዳውን ለቅልቃ፣ ጎተራውን ጠግና ተመለሰች። የሻሽወርቅ እስከ ቡሬ ሸኘቻት። ልጇ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና በአቧራው ውስጥ እስኪጠፋ ቆማ አየች። ከዚያ ፋጢማ ዘንድ ጎራ ብላ ጨው ያዘችና፣ ላሟ ሳትገባ እንዳይመሽባት ወደ ዝግባ አፋፍ መንገድ ጀመረች።